እኩልታ ከቀኝም ከግራም

በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ መተማ ዮሐንስን ከገላባት የሚለየው አንድ አጭር ድልድይ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ እኩልታን ከግራ ወደ ቀኝ፣ በላቲን ፊደላት ይጽፋል። ከድልድዩ ወዲያ፣ ከገላባት ተነሥቶ በዶካ በኩል እስከ ገዳሪፍ ከተማ በሚዘልቀው አገር፣ እኩያው የሚማረው በዓረብኛ ነው። እኩልታው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የማይታወቀው ቁጥርም በኤክስና በዋይ ፈንታ «ሲን» እና «ሳድ» በሚባሉ ፊደላት ይወከላል። ልዩነቱ የፊደል ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን የሚለመድ ነገር ነበር። ግን ከዚያ ይጠልቃል። በወረቀት ላይ «ሀ − 5» የሚመስል ጽሑፍ ቢኖር፣ ከግራ የሚያነበው ልጅ «ከሀ ላይ 5 ሲቀነስ» ይለዋል፤ ከቀኝ የሚያነበው ልጅ ያንኑ ጽሑፍ «ከ5 ላይ ሀ ሲቀነስ» ይለዋል። ሀ 8 ቢሆን አንደኛው 3 ያገኛል፣ ሁለተኛው ኔጌቲቭ 3። ያው ቀለም፣ ያው ወረቀት፣ መልሱ ግን ተቃራኒ ነው። ቁጥሮቹ ራሳቸው ደግሞ አይገለበጡም፤ የአርባ አምስት አራቱ በሁለቱም አጻጻፍ ከአምስቱ በስተግራ ይቀመጣል። ስለዚህ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የተዛወረ ልጅ «ሁሉንም ገልብጠህ አንብብ» በሚል አንድ ትእዛዝ አይገላገልም።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጣጣ እንዳይመስለን። ኡም ራኩባ የተባለው የገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ በ1977ቱ የረኃብ ዘመን ከኢትዮጵያ የሸሹትን ተቀብሎ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ጦርነት ምክንያት በሐምዳይት በኩል ለተሻገሩት እንደገና ተከፈተ፤ ትንሽ ቆይቶም ቱናይድባ ተጨመረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ጉዞው ተገለበጠና ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ፤ በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ተቋቋሙላቸው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በትምህርት ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ፣ አሉም። ከሁለት አጻጻፍ ጋር የተገናኘ ልጅ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ከኖረው የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ የያዘው ደንብ እውነተኛ መሆንና አለመሆኑ ቶሎ ይገለጥበታል። ይህን ድንበር ለምዕራፉ የመረጥሁት ለዚህ ነው።

የማቀርበው ክርክር ይህ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአልጀብራ የሚሰናከሉት ስሌቱ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አይደለም። እርምጃዎቹን በእጅ እንቅስቃሴ፣ ማለትም «ይህን ወደ ማዶ ውሰደውና ምልክቱን ቀይር» በሚል ትእዛዝ ስለሚማሩ ነው። ትእዛዙ የሚያወራው ስለ ቦታ ነው፤ እኩልታ ግን ስለ ቦታ አያወራም። ትምህርቱ የሚጸናው አንድ መስመር ከበላዩ ካለው መስመር ለምን እንደተከተለ ተማሪው በራሱ አንደበት መናገር ሲችል ነው። ይህን በደፈናው ማለት ስለማይበቃ ተማሪዎች በየቀኑ ወደሚያገኟቸው ጥያቄዎች እንግባ።

ከቀላሉ እንጀምር። አንድ ነጋዴ 3 ኩንታል ሰሊጥ ገዛ፣ ለማጓጓዣ 1,500 ብር ከፈለ፣ ጠቅላላ ወጪው 40,500 ብር ሆነ፤ የአንዱ ኩንታል ዋጋ ስንት ነው? (ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።) የአንዱን ኩንታል ዋጋ በብር ሀ ብንለው 3ሀ + 1,500 = 40,500 ይሆናል። እኩል ይሆናል የሚለው ምልክት እንደ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነው፤ በሁለቱ ወገን ያለው ክብደት አንድ ነው ይላል። ከሁለቱም ሳህን 1,500 ብናነሣ ሚዛኑ አይዛባም፤ 3ሀ = 39,000 ይቀራል። ሁለቱንም ወገን ለ3 ብናካፍል ሀ = 13,000 እናገኛለን። ማረጋገጫው ወደ ጥያቄው መመለስ ነው፤ 3 ጊዜ 13,000 ሲደመር 1,500 በእርግጥ 40,500 ነው። አሁን ይህንኑ በተለመደው ትእዛዝ እንየው። «1,500 ወደ ማዶ ሲሻገር ኔጌቲቭ ይሆናል» ይባላል፤ እስከዚህ ልክ ነው። ቀጥሎ ተማሪው 3 ከሀ ጋር ሲያገኘው ያንኑ ትእዛዝ ይዞ ይመጣና ወይ ከ39,000 ላይ 3 ይቀንሳል፣ ወይ ለኔጌቲቭ 3 ያካፍላል። ተሻግሯላ! መምህሩ «አይ፣ ይህኛው ሲሻገር አካፋይ ነው የሚሆነው» ብሎ ሌላ ትእዛዝ ይጨምርለታል። ሁለት ትእዛዝ ሲሆን የትኛው መቼ እንደሚሠራ የሚነግር ሦስተኛ ያስፈልጋል። እውነቱ ግን 1,500ም ሆነ 3 ወደ የትም አልተሻገሩም። ከሁለቱም ወገን 1,500 ተቀነሰ፤ በግራ ያለው 1,500 ከራሱ ላይ ሲቀነስ ዜሮ ስለሆነ ጠፋ፤ በቀኝ ያለው ቅነሳ ግን ስለሚታይ «የተሻገረ» መሰለ። ይህን የተረዳ ልጅ እኩልታውን በዓረብኛ አጻጻፍ፣ ከቀኝ ቢያገኘው ግር አይለውም፤ ሁለቱም ወገን በተባለ ጊዜ የትኛው ቀኝ፣ የትኛው ግራ እንደሆነ የሚጠይቅ የለምና።

ከስሌቱ በፊት የሚመጣውና ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚታለፈው እርምጃ ግን ጥያቄውን ወደ እኩልታ መለወጥ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። ገዳሪፍ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ በሱዳን በዝናብ የሚለማ የትራክተር እርሻ የተጀመረበት አካባቢ ነው። መሬቱ የሚለካው በፈዳን ነው፤ አንድ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በመተማና በሁመራ በኩል ደግሞ የሚቆጠረው በሄክታር፣ ማለትም በ10,000 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ነው። ለአንድ ተማሪ «የፈዳኑን ብዛት ፈ፣ የሄክታሩን ብዛት ሄ በልና ዝምድናቸውን በእኩልታ ጻፍ» ብትሉት እጁ ሳያመነታ ፈ = 0.42ሄ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። «አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ነው» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጦታልና ትክክል ይመስላል። ግን 500 ፈዳን ያለውን እርሻ በዚህ እኩልታ እንለካው፤ 500 = 0.42ሄ ይሆንና ሄ ወደ 1,190 ይወጣል። ትክክለኛው ግን 500 ጊዜ 0.42፣ ማለትም 210 ሄክታር ነው። እርሻው ከአምስት እጥፍ በላይ ተለጠጠ። ስህተቱ የት ላይ ነው? ተማሪው ፈ የሚለውን ፊደል «ፈዳን» ለሚለው ቃል ምሕጻር አደረገው፤ ፊደሉ ግን ቁጥር ነው፤ ስንት ፈዳን እንዳለ የሚናገር ቁጥር። ትልቁ መለኪያ ሲቆጠር ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል፤ በሄክታር የተቆጠረ መሬት በፈዳን ከተቆጠረው ያነሰ ቁጥር ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ሄ = 0.42ፈ ነው።

ይህ ስህተት የሰነፎች ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ክሌመንትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎችን አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቁ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹ ብዛት የፕሮፌሰሮቹ ስድስት እጥፍ ቢሆን ይህን በእኩልታ ጻፉ የሚል። ከሦስቱ አንዱ በላይ ተሳሳቱ፤ አብዛኛውም ስህተት ግልበጣ ነበር፤ ስድስቱን ከተማሪዎቹ ፊደል ጋር አስቀመጡት፣ ልክ ልጃችን 0.42ን ከሄክታሩ ጋር እንዳስቀመጠው። እነዚህ ከፍተኛ ሒሳብ የሚማሩ ወጣቶች ናቸው። «ልጆቻችን የሚወድቁት በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ ነው» ለሚል ሰው ይህ ጥናት መልስ ይሆነዋል ብዬ አምናለሁ። የተጠየቁት በእንግሊዝኛ፣ በዕለት ተዕለት በሚኖሩበት ቋንቋ ነበር፤ ቋንቋው ግን ከግልበጣ አላዳናቸውም። ቋንቋ ሸክም አይጨምርም እያልሁ አይደለም፤ ይጨምራል። ተማሪው ምክንያቱን በሚያስብበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በትግርኛ ወይም በዓረብኛ፣ ጮክ ብሎ እንዲናገር ማድረግ ከሁሉ የረከሰ መፍትሔ ነው። ነገር ግን የመጽሐፉን ቋንቋ ቀይረን ትእዛዙን እንደነበረ ብንተወው፣ በአማርኛ የሚሳሳት ተማሪ እናፈራለን።

ሌላው የሚነሣ ተቃውሞ ከገበያ የሚመጣ ነው። የገዳሪፍ የሰሊጥ ነጋዴ፣ የሁመራ ባለእርሻ፣ የቀን ሠራተኛ አሰማሪው፣ ማናቸውም ቢሆኑ ኤክስ ሳይጽፉ አስልተው ይኖራሉ፤ ታዲያ አልጀብራ ለምን ያደክመናል? ተቃውሞው ቀላል አይደለምና በቁጥር እንመልከተው። ሰሊጥ ሲደርስ ቆቡ ስለሚከፈት ካልታጨደ ይረግፋል፤ ስለዚህ የሠራተኛ ቁጥር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አንድ ባለእርሻ 100 ፈዳን አለው፤ ከፊሉ ሰሊጥ፣ ከፊሉ ማሽላ ነው። አንድ ፈዳን ሰሊጥ 8፣ አንድ ፈዳን ማሽላ 5 የሥራ ቀን ይፈጃል እንበል፤ ጠቅላላው 680 የሥራ ቀን ከሆነ ስንቱ ፈዳን ሰሊጥ ነው? በልምድ የሚያሰላ አሰማሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ሁሉም ማሽላ ቢሆን 500 ቀን ይበቃኝ ነበር፤ 180 ተርፏል፤ አንድ ፈዳን ከማሽላ ወደ ሰሊጥ ሲዞር 3 ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ 60 ፈዳን ሰሊጥ ነው።» በአልጀብራ ደግሞ ሰሊጡን ሰ፣ ማሽላውን መ ብለን ሰ + መ = 100 እና 8ሰ + 5መ = 680 እንጽፋለን። የመጀመሪያውን እኩልታ ሁለቱንም ወገን በ5 እናባዛ፤ 5ሰ + 5መ = 500። ይህን ከሁለተኛው ላይ ስንቀንስ 3ሰ = 180፣ ሰ = 60፣ መ = 40። ማረጋገጫው 480 ሲደመር 200፣ 680። አሁን ሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን አስተያዩ። «ሁሉም ማሽላ ቢሆን» ያለው 5ሰ + 5መ = 500 ነው፤ «180 ተርፏል» ያለው ቅነሳው ነው፤ «3 ቀን ይጨምራል» ያለው 3ሰ ነው። አሰማሪው አልጀብራውን ሠርቶታል። እንዲያውም ከብዙ ተማሪ በተሻለ ሠርቶታል፤ እያንዳንዱን እርምጃ ለምን እንዳደረገው ያውቃልና። ተቃውሞው ያረጋገጠው አልጀብራ እንደማያስፈልግ ሳይሆን፣ የአልጀብራው ጉልበት በፊደሎቹ ውስጥ ሳይሆን በምክንያቶቹ ውስጥ መሆኑን ነው። ፊደሎቹ የሚያስፈልጉት ሦስተኛ ሰብል ሲጨመር፣ ሁኔታው ሲደራረብና በቃል መያዝ ሲያቅት ነው።

ታሪክም ይህንኑ ይደግፋል። ከዚሁ ከዓባይ በታች፣ በግብፅ፣ ከ3,500 ዓመት በፊት አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ ከገለበጣቸው ጥያቄዎች አንዱ «አንድ ብዛትና የራሱ ሩብ ተደምረው 15 ይሆናሉ» ይላል። የአሠራሩ መንገድ መልሱን በግምት መጀመር ነው፤ 4 ነው እንበል፤ 4ና ሩቡ 5 ይሆናሉ፤ የተፈለገው 15 የ5 ሦስት እጥፍ ስለሆነ መልሱም የ4 ሦስት እጥፍ፣ 12 ነው። በባግዳድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ፣ በኸሊፋ አል-ማሙን ዘመን፣ አል-ኸዋሪዝሚ ስለ እኩልታ የጻፈው መጽሐፍ አንድም የፊደል ምልክት የለውም፤ ሁሉም በቃል ነው፤ ውርስ ለማከፋፈል፣ ለንግድና ለመሬት ልኬት እንዲያገለግልም የተዘጋጀ ነበር። ከምሳሌዎቹ የታወቀው በዛሬ አጻጻፋችን ሀ² + 10ሀ = 39 ነው። እርሱ የፈታውን መንገድ የኛ ተማሪ በማስመሪያ ሊሠራው ይችላል። ጎኑ ሀ የሆነ አራት ማዕዘን ሳሉ፤ ስፋቱ ሀ² ነው። 10ሀ የሚለውን ለሁለት ከፍላችሁ፣ አንዱን 5ሀ በቀኙ፣ ሌላውን በታቹ ለጥፉ። አንድ ጥግ ጎደለ፤ ጎኑ 5 የሆነ፣ ስፋቱ 25 የሆነ ትንሽ አራት ማዕዘን። ጥጉን ብትሞሉት ትልቁ ቅርጽ ጎኑ ሀ + 5 የሆነ ሙሉ አራት ማዕዘን ይሆናል። በአንደኛው ወገን 25 ስለጨመራችሁ በሌላውም ጨምሩ፤ 39 ሲደመር 25፣ 64። ስለዚህ (ሀ + 5)² = 64፤ ሀ + 5 ወይ 8 ነው፣ ወይ ኔጌቲቭ 8፤ ሀ ወይ 3 ነው፣ ወይ ኔጌቲቭ 13። አል-ኸዋሪዝሚ የተቀበለው 3ን ብቻ ነው፤ የአራት ማዕዘን ጎን ከዜሮ በታች አይሆንምና። ዛሬ በክፍል ውስጥ «የመካከለኛውን ቁጥር ግማሽ ስኩዌር አድርገህ በሁለቱም ወገን ጨምር» ተብሎ በቃል የሚሸመደደው ይህ የጥግ ሙሌት ነው። 25 ከየት እንደመጣ በሥዕል ያየ ልጅ ቀመሩን ቢረሳው እንኳ ሊያበጀው ይችላል።

ያው ሥዕል ሌላ ሥር የሰደደ ስህተትም ይነቅላል። (ሀ + 3)² ሲሰጠው ሀ² + 9 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በየክፍሉ አለ። ሀ 1 ይሁን፤ በግራ 16፣ በቀኝ 10 ነው። የጠፋው 6ሀ ነው፤ በሥዕሉ ላይ በቀኝና በታች የተለጠፉት ሁለቱ 3ሀዎች ናቸው የተረሱት። የቅንፍ ስህተትም እንዲሁ ነው። 5 − 2(ሀ − 3) = 1 የሚለውን ስንፈታ፣ የሚቀነሰው ሁለት ጊዜ «ሀ ሲቀነስ 3» ነው። ሁለት ሀ ብንቀንስ ከሚገባው በላይ 6 ቀንሰናል፤ ስለዚህ 6 መመለስ አለብን፤ 5 − 2ሀ + 6 = 1፤ 11 − 2ሀ = 1፤ 2ሀ = 10፤ ሀ = 5። «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ» የሚለውን ብቻ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን ምልክት ሳያይ 5 − 2ሀ − 6 ይጽፍና ኔጌቲቭ 1 ያገኛል። ወደ ጥያቄው መልሶ ቢያስገባው በግራ በኩል 13 ይወጣል፤ 1 ነበር የተፈለገው። ማረጋገጫው አንድ መስመር ብቻ ወሰደ።

የመምህራን ተቃውሞ ከሁሉ የከበደው ነው፤ አክብሬም አነሣዋለሁ። ክፍሉ ሞልቷል፣ መጽሐፍ ለሁሉ አይዳረስም፣ የዓመቱ ትምህርት ማለቅ አለበት፤ በስደተኞች መጠለያ ደግሞ ይህ ሁሉ እጥፍ ነው። ምክንያት እያስረዱ መሄድ ጊዜ ይፈጃል ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ ይፈጃል። በኋላ ግን የትእዛዞቹ ብዛት ይቀንሳል፤ ጊዜውም ከዚያ ይመለሳል። «ክሮስ ማልቲፕላይ» (በሰያፍ ማባዛት) የሚባለውን እንውሰድ። ሀ/4 = 9/6 ከሆነ ሁለቱንም ወገን በ24 ብናባዛ 6ሀ = 36፣ ሀ = 6። በሰያፍ ማባዛት የሠራው ለዚህ ነው። ምክንያቱን ያልያዘ ተማሪ ግን ሀ/2 + ሀ/3 = 5 ሲያገኝ በመካከሉ ያለው የድምር ምልክት መሆኑን ሳያይ እንደገና በሰያፍ ያባዛል፤ እዚህ ግን ሁለቱ ክፍልፋዮች ይደመራሉ እንጂ እኩል ናቸው አልተባለም። ምክንያቱን የያዘው ሁለቱንም ወገን በ6 ያባዛና 3ሀ + 2ሀ = 30፣ ሀ = 6 ይላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሠራው አንድ ሐሳብ ለሁለተኛውም ሠራ፤ አዲስ ትእዛዝ አላስፈለገም። ከመበላለጥ ምልክት ጋርም ነገሩ ይህ ነው። −2ሀ < 6 ከሆነ ለኔጌቲቭ 2 ስናካፍል ምልክቱ ለምን ይዞራል? 2 ከ5 ያንሳል፤ ኔጌቲቭ 2 ግን ከኔጌቲቭ 5 ይበልጣል፤ በኔጌቲቭ ማባዛት ወይም ማካፈል የቁጥር መስመሩን በዜሮ ላይ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ሀ > −3። በዓረብኛው አጻጻፍ ንባቡ ከቀኝ ቢጀምርም የምልክቱ ሰፊ አፍ ምንጊዜም ወደ ትልቁ ቁጥር ይዞራል። ምልክቱን «ወደ ቀኝ የዞረ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ በአቅጣጫ የያዘ ልጅ ከገላባት ወዲያ ይስታል፤ «ሰፊው አፍ ወደ ትልቁ» ብሎ የያዘ አይስትም።

በመጨረሻ የፈተናው ጉዳይ አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች የሁሉም ትምህርቶች ድምር ስለሆኑ አልጀብራን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይገባም፤ ጦርነቱም፣ የተዘጉ ትምህርት ቤቶችም፣ ሌላም ሌላም አለበት። ነገር ግን ቁጥሮቹን አይቶ «ፈተናው ምርጫ ስለሆነ የሚያስፈልገው ፍጥነትና ሾርትከት ነው» የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ትልቅ ስህተት ነው። ጥሩ የምርጫ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው የተሳሳቱትን ምርጫዎች በዘፈቀደ አይጽፍም፤ ተማሪዎች በብዛት የሚሠሯቸውን ስህተቶች ውጤት ነው የሚያስቀምጠው። ከላይ ያየነው ኔጌቲቭ 1 ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቃል። ሾርትከቱን ይዞ የመጣው ልጅ ያገኘውን ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል ሲያየው ደስ ብሎት ያጠቁራል፤ ወጥመዱም እዚያ ላይ ነው።

ይህን በይበልጥ የሚያሳዩ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ አንዱ መልስ የሚጠፋበት፣ ሌላው ያልነበረ መልስ የሚወለድበት። ሀ² = 6ሀ ሲሰጠው ተማሪው ሁለቱንም ወገን ለሀ ያካፍልና ሀ = 6 ይላል። ማካፈል የሚፈቀደው አካፋዩ ዜሮ ካልሆነ ብቻ ነው፤ ሀ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ግን አልጠየቀም። 6ሀን ከሁለቱም ወገን ቀንሶ ሀ(ሀ − 6) = 0 ቢል ኖሮ፣ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ዜሮ የሚሆነው ቢያንስ አንዱ ዜሮ ሲሆን ስለሆነ፣ ሀ = 0 ወይም ሀ = 6 ያገኝ ነበር። ሁለተኛው √(ሀ + 6) = ሀ ነው። ሥሩን ለማንሣት ሁለቱንም ወገን ስኩዌር እናደርጋለን፤ ሀ + 6 = ሀ²፤ ሀ² − ሀ − 6 = 0፤ (ሀ − 3)(ሀ + 2) = 0፤ ሀ = 3 ወይም ሀ = −2። እዚህ ላይ የሚያቆም ብዙ ነው። ከሁለቱም ወገን መቀነስ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል እርምጃ ነው፤ የቀነስነውን መልሰን መደመር እንችላለን። ስኩዌር ማድረግ ግን እንዲህ አይመለስም፤ 2ም ኔጌቲቭ 2ም ስኩዌር ሲደረጉ 4 ስለሚሆኑ፣ የማይተካከሉ ሁለት ቁጥሮች ከእርምጃው በኋላ ተካክለው ይወጣሉ። በዚህ በር የገባ መልስ ሊኖር ስለሚችል እያንዳንዱን ወደ መጀመሪያው እኩልታ መመለስ ግዴታ ነው። 3ን ስናስገባ የ9 ሥር 3 ነው፤ ይስማማል። ኔጌቲቭ 2ን ስናስገባ በግራ የ4 ሥር፣ ማለትም 2 ነው፤ በቀኝ ኔጌቲቭ 2 አለ፤ አይስማማም። ስለዚህ ምርጫዎቹ «3»፣ «−2»፣ «3 እና −2»፣ «መልስ የለውም» የሚሉ ቢሆኑ የሚጠቆረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።